ጎማ የሌለው አውሮፕላን

ባለፈው ዓመት ዓለም ጤና ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ወረድን። ይዘንብ ስለነበር አንድ የውሃ ፓምፕ መጠገኛ ደጃፍ ላይ ተጠለልኩ። ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ከሽንኩርት ማሳ የመጣ ፓምፕ ፈተው በናፍጣ ያጥባሉ። ናፍጣው፣ የረጠበው ላስቲክ፣ ብረቱ ላይ የደረቀው ጭቃና ከጭቃው ጋር ተጣብቆ የመጣው የሽንኩርት ልጣጭ አንድ ላይ ሸተተኝ። ጎማው ተቀይሮ ረዳቱ ሲጠራን ሰምቻለሁ፤ ግን ቶሎ መንቀሳቀስ አልቻልኩም። ያ ሽታ ለእኔ የአንድ ሰው ሽታ ነው፤ የጋሽ ቱፋ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የምሥራቁ ጦርነት ካበቃ በኋላ በሁለተኛው ክረምት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እኔና እናቴ ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። አባቴ ታደሰ ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ራዲዮ ቴክኒሺያን ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ የተሳፈረበት አውሮፕላን አንድ ቀን ተነሥቶ ሳይመለስ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለእናቴ የተነገራት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አልተገኘም»።

እኔ ቃሉን በራሴ መንገድ ነበር የተረዳሁት። ከሰፈር ልጆች ጋር ድብብቆሽ ስንጫወት ያልተገኘ ልጅ አሸናፊ ነው። አባቴን የማስበው አንድ ትልቅ ኩይሳ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ሳቁን በእጁ አፍኖ፣ ፈላጊዎቹ ደክሟቸው እስኪተዉት ሲጠብቅ ነበር። ሰዎች ፀጉሬን እየደባበሱ ከንፈራቸውን ለምን እንደሚመጥጡ አይገባኝም ነበር።

እናቴ መርዶ ስላልደረሳት ጥቁር አልለበሰችም። ሰዉ ግን ሰላምታ ሲሰጣት እንኳ ይቸገር ነበር፤ «እንዴት ነው ታደሰ?» ማለትም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለትም አይችልም። ታላቅ ወንድሟ አጎቴ ኃይሉ ዱከም ይኖር ነበር፤ እሁድ እሁድ ይመጣና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ንግግር ይናገራል።

«አስቴር፣ እርምሽን አውጪ። ሰውየው ፍትሐት እንኳ ሳይደረግለት እስከ መቼ?»

«የሞተ ሰው አሳየኝና አለቅሳለሁ።»

«ጦር ሜዳ የቀረ ሰው ከየት አምጥቼ ላሳይሽ?»

«እንግዲያው አልቀረም» ትላለች እናቴ። ከዚያ በኋላ ሻይ ቀድታ ወሬ ትለውጣለች።

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሰሞን ወይዘሮ ሙሉ የምትባል ሴት ከደብረ ዘይት መጣች። ባሏ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነበር። ለትምህርት ሩሲያ ተልኮ ከተመለሰ በኋላ ታሞ ሞቶባታል። ከጥቁር ልብሷ ውስጥ ፖስታ አውጥታ ከፖስታው አንድ ፎቶግራፍ ሳበች።

«የሟችን ዕቃ ሳስተካክል አገኘሁት። ለአንቺ ነው የሚገባው ብዬ አመጣሁት» አለቻት።

አባቴ ነው። ረጅም ካፖርት ለብሶ አንገትጌውን እስከ ጆሮው አቁሞ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ይስቃል። ነፋስ ዓይኑን አጥብቦታል። እግሩ ሥር በረዶ አለ። ከጀርባው፣ ግማሹን በእሱ ትከሻ ተሸፍኖ፣ እንደ እንስራ ያበጠ አንድ ብረት ይታያል። ክንፍ ባይኖረው አውሮፕላን መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። ፎቶው ጀርባ ላይ ምንም አልተጻፈም።

«ከየት ነው?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ተለወጠብኝ።

«ከሩሲያ ባመጣቸው ፎቶዎች መሀል ነበር። ሌሎቹ በሙሉ የዚያ አገር ናቸው።»

እናቴ ቁጭ አለች። ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ነፋስ እንዳይወስድባት የፈራች ትመስል ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን ነፋስ አልነበረም።

እሁድ አጎቴ ኃይሉ መጥቶ ፎቶውን መስኮት አጠገብ ወስዶ አገላብጦ አየው። «ታደሰና የሙሉ ባል እኮ በንጉሡ ጊዜ አሜሪካም አብረው ተምረዋል። በረዶ እዚያም አለ» አለ።

«የአሜሪካ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ይህን አላሳየኝም። ሩሲያ ነው፤ በምስጢር ልከውት ነው። ስንቱ ሰው ሞተ ተብሎ መጥቷል።»

አጎቴ ፎቶውን መለሰላትና «እሺ፤ አውሮፕላኑ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እናግኝ። የሩሲያ ከሆነ እኔም አፌን እዘጋለሁ። የአሜሪካ ከሆነ ግን ፎቶው የድሮ ነው፤ እርምሽን ታወጫለሽ» አለ።

እናቴ እሺ አለች። እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ የአውሮፕላኑ ስም የአባቴ አድራሻ መሆኑ ነው። ስሙን ካወቅን ፖስታ ላይ ጽፈን ደብዳቤ እንልክለታለን።

ጋሽ ቱፋን ያገኘናቸው በሰው ጥቆማ ነው። ወደ ወንጂ መውጫው ላይ የፓምፕ መጠገኛ ነበራቸው። ክረምት ሲገባ መስኖ ስለሚቆም፣ ከዓለም ጤና፣ ከመቂና ከአዳሚ ቱሉ የተበላሹ ፓምፖች በጭነት መኪና እየመጡ ግቢያቸው ውስጥ ይደረደራሉ። ቀድሞ ግን ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ሞተር ሠሪ ነበሩ፤ ከዚያም ለአዳዲስ ልጆች አውሮፕላንን በፎቶ መለየት አስተምረዋል። ረጅምና ጎባጣ ናቸው። የሞተር ጩኸት ግራ ጆሮአቸውን ስላደነቆረው ሰው ሲያናግራቸው ቀኙን ያዞራሉ።

እጃቸውን በናፍጣ፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ በጨርቅ ካጸዱ በኋላ ነው ፎቶውን የተቀበሉት። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። እናቴን አዩዋት። እንደገና ፎቶውን አዩ።

«ባልሽ ነው?»

«አዎ። የሩሲያ ይሆን ወይስ የአሜሪካ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። «ጎማው የት አለ?» አሉ በመጨረሻ፤ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። «መፈለግ አለብኝ። ተይልኝ።»

«ፎቶውን ትቼማ አልሄድም።»

«እንግዲያው ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ታምጣው፤ ማታ ትመልሰው።»

ክረምቱን ሙሉ የእኔ ሥራ ይህ ሆነ። ፎቶውን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ቀሚሴ ውስጥ እከተዋለሁ፤ በጭቃው መሀል ጋሪዎች የሚረጩትን ውሃ እየሸሸሁ እሄዳለሁ። ጋሽ ቱፋ «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» ይሉኛል፤ «እንዴት አደርሽ፣ ልጄ» ማለታቸው ነው። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ያወርዱልኛል።

ቆርቆሮው ውስጥ ድሮ ሲያስተምሩባቸው የነበሩ ካርዶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ጥቁር ጥላ ብቻ የተሳለባቸው፣ ሌሎቹ ከውጭ መጽሔት ተቆርጠው ካርቶን ላይ የተለጠፉ ፎቶዎች። ስለ ካርዶቹ መንገድ ላይ እንዳላወራ አስጠንቅቀውኛል። ሌሎች ልጆች ስጡን ብለው እንዳያስቸግሯቸው ይመስለኝ ነበር። የአሜሪካ አውሮፕላን ፎቶ መያዝ በዚያን ጊዜ ሰው ሊያሳስር እንደሚችል ከየት አውቃለሁ።

«ክንፍ፣ ሞተር፣ ገላ፣ ጭራ» ይሉኛል ጋሽ ቱፋ፣ ፓምፕ እየፈቱ። «በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምታዪው። ቀለሙን ተዪው፤ ቀለም ያታልላል። መጀመሪያ ክንፉ ከላይ ነው ከመሀል ነው ከታች? ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ ኋላ የተቆለመመ?»

በሐምሌ አጋማሽ አብዛኞቹን አውቃቸው ነበር። ካርዱን ፊቴ ላይ ብልጭ አድርገው ይመልሱታል፤ እኔ ስሙን እናገራለሁ። ያልተለመዱት ግን ለብቻቸው በገመድ የታሰሩ ነበሩ። እንደ ሰሃን ክብ የሆነ፣ በጭራው የቆመ፣ ክንፉ ወደ ፊት የተቀለበሰ። እነዚህን እንደ ተረት ነበር የምወዳቸው።

«እነዚህ ለምን ሰማይ ላይ አይታዩም?» አልኳቸው።

«ለሙከራ የተሠሩ ናቸው። ተሞክረው የቀሩ።»

«የት ቀሩ?»

ጋሽ ቱፋ የያዙትን መፍቻ አስቀመጡ። «ቀሩ ማለት... ተተዉ ማለት ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የአባቴን አውሮፕላን ግን ከታሰሩትም ውስጥ አጣሁት። ማታ ስመለስ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «አገኙት?» «ገና ናቸው።» ፊቷ አይከፋም። እንዲያውም «ገና» የሚለውን ቃል ስትሰማ ደስ የሚላት ይመስለኝ ነበር። ከገበያ ግራጫ የሱፍ ክር ገዝታ ሹራብ ጀምራለች። ሩሲያ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ አጠያይቃ፣ በእሱ ልትልክለት ነው። የትከሻውን ስፋት በክንዷ ዘርግታ ከትዝታዋ ትለካዋለች። ያን ሰሞን ከአባቴ ጋር የምትነጋገር ይመስል ለብቻዋ ስታጉተመትም እሰማታለሁ። ቀድሞ አልወስድ ይላት የነበረውን ምግብ መብላት ጀምራ እየወፈረችም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ከተራራው የወረደው ጎርፍ መንገዱን ሞላው። ጋሽ ቱፋ ጀርባቸው ላይ አዝለው ቤት አደረሱኝ። እናቴ ደንግጣ አስገባቻቸው፣ ወንበር አቀረበች፣ ሻይ ቀዳች። ሹራቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንድ እጅጌ ብቻ ቀርቶታል። ለማሳየት ዘረጋችላቸው።

«ጋሽ ቱፋ፣ እርስዎ ውጭ አገር ኖረዋል። ለሩሲያ ብርድ ይህ ይበቃል?»

ሹራቡን አልነኩትም። ጭቃ የነካው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ወፍራም ነው፤ ጥሩ ነው» አሉ።

«አንገቱንስ ከፍ ላድርገው?»

«አስቴር...» ብለው አቋረጡ። እኔን አዩኝ። «እሺ፣ ከፍ አድርጊው።»

ሻዩን ሳይጠጡ ወጡ። ሻያችንን ስላልወደዱት ነው ብዬ አዘንኩ። በማግስቱም ስሄድ ካርድ አላሳዩኝም፤ አንድ ፓምፕ ፈተው ገጠሙ፣ ምንም ሳይሆን መልሰው ፈቱት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ጋሽ ቱፋ መሬት ላይ ተንበርክከው ፓምፕ ሲገጥሙ «ከመሳቢያው ትልቁን የላስቲክ ቀለበት አቀብዪኝ» አሉኝ። መሳቢያውን ሳብኩ። ቀለበቶቹን ሳገላብጥ ከሥራቸው አንድ ካርድ ወጣ። ቆርቆሮው ውስጥ አይቼው የማላውቅ ነው። ያበጠ ሆድ። አጭር፣ ወደ ኋላ የተቆለመመ ክንፍ። አፍንጫው ላይ እንደ ሥጋ መስቀያ የታጠፈ ሜንጦ። ፎቶውን ከቀሚሴ አውጥቼ አጠገቡ ያዝኩት። ክንፍ፣ ሞተር፣ ገላ፤ ጭራው በአባቴ ትከሻ ስለተሸፈነ ማየት አልቻልኩም። ከሥሩ ግን ጎማ የለም።

«ጋሽ ቱፋ፣ አገኘሁት» አልኩ።

አልመለሱልኝም። በደነቆረው ጆሮአቸው በኩል የቆምኩ መስሎኝ ዞርኩና ደገምኩት።

«ሰምቼሻለሁ» አሉ። ቀስ ብለው ተነሥተው የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

«ስሙ ማን ነው?»

«ጎብሊን ይሉታል።»

«የሩሲያ ስም ነው?»

«አይደለም፣ ኢንታላ ኮ። የአሜሪካ ነው።»

ለምን ጎማ እንደሌለው ጠየቅኳቸው። በትልቅ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተሸክመውት እንዲሄዱ የተሠራ ነው አሉኝ። ጠላት ሲመጣ ትንሹ ይወርድና ይዋጋል፤ ሲጨርስ በሜንጦው ትልቁ ላይ ተንጠልጥሎ ይመለሳል። መሬት ላይ ስለማያርፍ ጎማ አያስፈልገውም።

«ታዲያ ይመለስ ነበር?»

«መውረዱን ችሎበት ነበር። መመለሱ ነው ያስቸገረው። ሁለት ብቻ ሠርተው ተዉት። ሁለቱም እዚያው አገር ለእይታ ተቀምጠዋል፤ ወጥተው አያውቁም።»

የእኔ ልብ በደስታ ሊፈነዳ ደርሷል። አባቴ አሜሪካ ነው። አድራሻውን ያገኘሁትም እኔ ነኝ። ልሮጥ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ዛሬ ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ነገ በጠዋት እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

«ለምን?»

«እንዲህ ያለውን ነገር ትልቅ ሰው ነው የሚናገረው።»

እንዲህ ያለ ትልቅ የምሥራች በትልቅ ሰው መነገሩ ተገቢ መሰለኝ። ማታ ቤት ስገባ ብቻዬን ስስቅ እናቴ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ነገ ታያለሽ» አልኳት። እሷም ሳቀች። ሹራቡ አልቆ ነበር፤ አጣጥፋ ትራሷ አጠገብ አኖረችው።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ከፈተችው። ጋሽ ቱፋ ኮት ለብሰው ቆመዋል፤ እጃቸው ከጥፍራቸው ጭምር ጸድቷል። አጠገባቸው አጎቴ ኃይሉ አለ፤ ማታውኑ ሰው ልከው ከዱከም አስጠርተውት ኖሯል። ከኋላቸው ሁለት የእድር ሽማግሌዎች፣ ከነሱ ኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የጎረቤት ሴቶች።

እናቴ የበሩን ጠርዝ ያዘች። ሁሉም እርስ በርስ ይተያያል። ትልልቅ ሰዎች ለምን እንደሚዘገዩ ሊገባኝ ስላልቻለ፣ በእግሮቻቸው መሀል ሹልክ ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ።

«እማዬ፣ አባዬ አሜሪካ ነው። አውሮፕላኑን እኔ ነኝ ያገኘሁት።»

አጎቴ ኃይሉ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እናቴ ወደ እኔ አላየችም። ጋሽ ቱፋን ነበር የምታየው።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ያ አውሮፕላን ከአሜሪካ ወጥቶ አያውቅም። ፎቶው የድሮ ነው፣ አስቴር። መርዶ ላረዳሽ አልመጣሁም፤ ስለ እሱ የማውቀው ነገር የለኝም። የማውቀው አውሮፕላኑን ብቻ ነው።»

«መቼ አወቁት?»

«መጀመሪያ ያመጣሽው ቀን።»

«ሹራቡን ስሠራ እያዩኝ?» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «አንገቱን ከፍ አድርጊው ሲሉኝ ያውቁ ነበር?»

እናቴ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የእናቴ አይመስልም ነበር። ሴቶቹ ገብተው ከበቧት። ከእግሮቻቸው መሀል ወጥቼ ሳይ ጋሽ ቱፋ በጭቃው መንገድ ብቻቸውን እየሄዱ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ሰው ከደብረ ዘይት፣ ከዱከም፣ ከመቂም ሳይቀር መጣ። እናቴ ሁለት ዓመት የያዘችውን ልቅሶ አለቀሰች። እኔ ግን አላለቀስኩም። አሜሪካ ላለ ሰው ለምን እንደሚለቀስ አልገባኝም። ለአንዷ አክስቴ ነገሩን ላስረዳት ስሞክር አቅፋ አፌን ደረቷ ላይ ቀበረችው።

በሰልስቱ ጠዋት እናቴ ጠራችኝ። ድምፅዋ ጠፍቶ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። «ሂጂና ጋሽ ቱፋን ጥሪያቸው። ለምን አልመጡም በያቸው።»

መጠገኛው ዝግ ነበር። እሳቸው ደጁ ላይ ካለ የተበላሸ ፓምፕ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ያንኑ ኮት እንደለበሱ ናቸው።

«እማዬ ለምን አልመጡም ብላለች።»

«በቁጣ ነው የላከችሽ?»

አሰብኩ። «አይደለም» አልኩ።

ወደ መንገዱ እያዩ ቆዩ። «ስንቱን ልጅ በእነዚያ ካርዶች አስተምሬያለሁ» አሉ። «ካንቺ ትንሽ ከፍ የሚሉ ልጆች። ብዙዎቹ በዚያ ጦርነት ሄዱ። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥቼ እዚህ ፓምፕ እፈታለሁ፤ ወሬያቸው ቆይቶ ይደርሰኛል። የአንዳቸውንም ልቅሶ አልተቀመጥኩም። ምኑ ነህ ቢሉኝ ምን እላለሁ?» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ለእናትሽ ልነግራት ብዬ ስንት ጠዋት ተነሥቻለሁ። አፌ እንቢ አለኝ።»

እጃቸውን ያዝኩ። ተነሡ።

ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ መጨረሻ ላይ ካለው አግዳሚ ጫፍ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። እናቴ ከውስጥ አየቻቸው። የሐዘንተኞቹ ፍራሽ ላይ፣ በእሷና በአጎቴ ኃይሉ መሀል ነበር የአባቴ ዘመዶች የተቀመጡት። ፈቀቅ አለችና በእጇ ጠራቻቸው። ጋሽ ቱፋ ወደ ኋላ ዞረው ተመለከቱ፤ ሌላ ሰው የጠራች መስሏቸው ነው። እንደገና ጠራቻቸው። ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ረጅም እግራቸውን የሚያደርጉበት አጡ።

ከአባቴ ዘመዶች አንዷ ወደ እናቴ ጎንበስ ብላ «ምናችሁ ናቸው?» አለቻት።

«ወንድሜ ናቸው» አለች እናቴ።

የሚገባው ሰው ሁሉ በተራ እየዞረ ሐዘንተኞቹን ያጽናናል። አንድ ሽማግሌ ጋሽ ቱፋ ጋ ደርሰው «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አሏቸው። ጋሽ ቱፋ «ያኑርልኝ» አሉ። ቀጥሎ አንዲት ሴት መጥታ እንደዚያው አለቻቸው። ኮታቸው ከትከሻው ጀምሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትልቅ ሰው፣ ያውም ወንድ፣ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ስለ አውሮፕላን ተሳስተው የማያውቁት ሰው እንዲህ ካለቀሱ አባቴ አሜሪካ አይደለም ማለት ነው። ሄጄ በእሳቸውና በእናቴ መሀል ገባሁና ማልቀስ ጀመርኩ።